መዋጮ፦ በፈቃድ ወይስ በግዴታ? ከእድር ሕግ የምንማረው

በየቁምስናውና በየገጠሩ ጸሎት ቤት የዓመቱ ሒሳብ በሚሰማበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። የጸሎት ቤቱ ጣራ መታደስ አለበት፤ የካቴኪስቱ የመንገድ ወጪ መሸፈን አለበት፤ ለመሥዋዕተ ቅዳሴ የሚያስፈልገው ወይንና ሻማ መገዛት አለበት። ታዲያ ለዚህ ሁሉ የሚሰበሰበው ገንዘብ ግዴታ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ? አንዱ ምእመን «ስጦታ ከሆነ ማንም ሊያስገድደኝ አይገባም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁላችንም የምንጠለልበትን ጣራ ጥቂቶች ብቻ ለምን ይሸከሙታል? ያልከፈለ ይቀጣ» ሲል ይመልሳል። ከሁለቱም ወገን ያሉት ብዙውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህም ክርክሩ በቁጣ ሳይሆን በማስተዋል ሊታይ ይገባዋል።

መጽሐፍ ቅዱስም ጥያቄውን በአንድ ቃል አይዘጋውም። በኦሪት ዘጸአት ለአንዲቱ የመገናኛ ድንኳን ሁለት ዓይነት መዋጮ ተሰብስቦ እናገኛለን። የመጀመሪያው የተወሰነ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ የሆነ ተቆጣሪ ሁሉ ግማሽ ሰቅል ይከፍላል፤ ባለጸጋው አይጨምርም፥ ድኻውም አያጎድልም (30፥11-16)። ሁለተኛው ልቡ ያነሣሣው ሰው ብቻ የሚያመጣው ነው፤ ወርቅ፥ ናስ፥ ጥሩ በፍታ፥ የፍየል ጠጉር፥ ዘይት፥ ሽቱ (35፥4-29)። ይህ የፈቃድ ስጦታ ከሚያስፈልገው በላይ ስለ በዛ ሠራተኞቹ ለሙሴ አመለከቱ፤ ሙሴም ሕዝቡ ማምጣቱን እንዲያቆም በሰፈሩ አስነገረ (36፥3-7)። (መዋጮ ይቁም ብሎ የሚያስነግር የሕንፃ ኮሚቴ በእኛ ዘመን ገና አላጋጠመንም።) ይሁንና አንባቢ ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ቦታ ምዕራፍ 38 ላይ ነው። በዚያ እንደ ተጻፈው ከተቈጠረው ሕዝብ የተሰበሰበው የግማሽ ሰቅል ብር መቶው መክሊት ቀልጦ መቶ እግሮች ሆነ፤ ይኸውም የመቅደሱ ሳንቃዎችና የመጋረጃው ምሰሶዎች የሚቆሙባቸው መሠረቶች ናቸው። መብራቱና መጋረጃው ከፈቃድ ስጦታ መጣ፤ ሁሉን የተሸከመው መሠረት ግን ከእያንዳንዱ ሰው እኩል በተዋጣው ቆመ።

እንግዲህ ፈቃድና ግዴታ በአንድ ድንኳን ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። እንዴት ሊኖሩ እንደሚችሉ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በየሰፈራችን ያለውን እድር መመልከት ይበቃናል።

የእድር አሠራር

እድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ በከተሞቻችን የተስፋፋው በሃያኛው ምእተ ዓመት ነው። ከዘመድ አዝማዱ ርቆ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ቤተሰቡን ማን ያጽናናል? የሚለው ሥጋት ጎረቤትን ከጎረቤት አገናኘ። ሀዋሳም ከልዩ ልዩ ስፍራ በመጡ ሰዎች የተመሠረተች ከተማ በመሆኗ ሲዳማው፥ ወላይታው፥ ጉራጌው፥ አማራው፥ ኦሮሞው በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ የሚቀመጥባቸው እድሮች የከተማይቱ ኑሮ ክፍል ሆነዋል።

ማንም ሰው እድር ግባ ተብሎ በአዋጅ አይገደድም። ሰፈር የለወጠ ሰው የትኛው እድር ይሻለኛል ብሎ ጠይቆ፥ አመልክቶ፥ የመግቢያውን ከፍሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወርሃዊው መዋጮ በተወሰነው ቀን መከፈል አለበት፤ ያዘገየ ይቀጣል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ድንኳን የመትከል ተራው ደርሶት የቀረም እንዲሁ። መቀጫውን አልከፍልም ያለ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ እስከዚያ ያዋጣውም ገንዘብ በድንኳኑ፥ በወንበሩና በብረት ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሕግ ያወጣው መንግሥት ሳይሆን ራሳቸው አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ተስማምተው ነው፤ ዳኛውንና ገንዘብ ያዡንም የሚመርጡትና የሚሽሩት እነርሱው ናቸው።

በዚህ ውስጥ የመግቢያው ክፍያ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። እድሩ በቆየ ቁጥር ንብረቱ እየበዛ ስለሚሄድ አዲስ ገቢ የሚከፍለውም እየጨመረ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን እንደ ስስት ይቈጥሩታል። ነገር ግን አስቡት፤ ነባሮቹ ለሃያ ዓመት እያዋጡ የገዙትን ድንኳን ትናንት የገባው ሰው ዛሬ በነጻ ቢጠቀምበት፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በቤቱ ጽኑ ሕመምተኛ ሲኖር ብቻ ገብቶ ከቀብሩ በኋላ ቢወጣ፥ ቀድሞ መግባት ሞኝነት ይሆናል። ሁሉም ሰው ሕመም እስኪመጣ ከጠበቀ ደግሞ ሕመም በመጣ ጊዜ እድር የሚባል ነገር አይገኝም። ስለዚህ የመግቢያው ክፍያ አባልነቱ የጭንቅ ጊዜ መሸሸጊያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚጠብቅ በር ነው።

እድር የጸናው እንግዲህ በፈቃድ ብቻ አይደለም፥ በግዴታም ብቻ አይደለም። መግባቱ በፈቃድ ነው፤ የገባ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ራሱን አስሯል። የእድርን መቀጫ ያለ ብዙ ቅሬታ የምንከፍለው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። መቀጫውን የጣለብን ሌላ ሰው ሳይሆን እጃችንን አውጥተን የተስማማንበት ቃል ነው።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ያህል በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ሴራ የሚባለውን ያልተጻፈ ሕግ እናንሣ (በአማርኛ ተንኮል ከምንለው «ሴራ» ጋር አይምታታ)። ሰው በሴራ ሥር የሚሆነው አመልክቶ ሳይሆን ተወልዶ ነው። የጋራ ሥራን ወይም የጋራ ግዴታን እምቢ ያለ ሰው በሽማግሌዎች ይመከራል፥ ይቀጣል፤ ካልተመለሰም ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል፤ እሳት የሚያጫጭረው፥ ለቅሶ የሚደርስለት ያጣል። ይህም ለብዙ ትውልድ ሕዝብን አስተባብሮ ያኖረ ጠንካራ ሥርዓት ነው። በከተማ ግን ከተለያየ ትውልድ የመጡ ሰዎችን የሚያስተሳስር የጋራ ልደት ስለሌለ በእርሱ ፈንታ የጋራ ስምምነት አስፈለገ።

ሊቃውንት የመረመሩት

ይህ ጉዳይ በዓለም የኢኮኖሚ ሊቃውንት ዘንድም ብዙ ተመርምሯል። አሜሪካዊው ማንከር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ፥ አንድ ጥቅም ላዋጣውም ላላዋጣውም እኩል የሚደርስ ከሆነ ትልቅ ማኅበር በበጎ ፈቃድ ብቻ ወጪውን ሊሸፍን እንደሚቸገር አስረዳ። ከዚያ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ነገሩን በሙከራ ፈተኑት። የሙከራው አሠራር ለካቴኪስቶች በቀላሉ ሊገለጥ ስለሚችል በአጭሩ እንተርከው።

አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ብር ይሰጣቸዋል እንበል። የፈለጉትን ያህል በጋራ ሣጥን ይጨምራሉ፤ በሣጥኑ የተገኘው ገንዘብ በ1.6 ተባዝቶ ላዋጣውም ላላዋጣውም ለአራቱ እኩል ይከፈላል። ሁሉም 20 ብራቸውን ቢያዋጡ እያንዳንዱ 32 ብር ያገኛል። ሦስቱ አዋጥተው አንዱ ቢያስቀር ግን ሦስቱ 24፥ ያስቀረው 44 ብር ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጨዋታ በልዩ ልዩ አገር ተደጋግሞ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ሰዎች መጀመሪያ ከያዙት ወደ ግማሽ ገደማ ያዋጣሉ፤ ዙሩ በቀጠለ ቁጥር ግን መዋጮው እየወረደ ይሄዳል። የሚወርደውም ሁሉም ስስታም ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው ሰው ሌላው ካዋጣ ለማዋጣት ዝግጁ ነው፤ ሲታለል ግን እጁን ይሰበስባል። ኤርንስት ፌርና ሲሞን ጌክተር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ተጫዋቾቹ ከራሳቸው ኪስ ከፍለው ያላዋጣውን መቅጣት ሲፈቀድላቸው መዋጮው እንደገና ከፍ አለ።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሰው ከመጀመሪያው አልገባም የማለት ነጻነት ቢኖረው ምን ይሆናል? ጆን ኦርቤልና ሮቢን ዶውስ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፥ ለመተባበር ያሰበ ሰው ሌላውም እንደ እርሱ የሚተባበር ስለሚመስለው ይገባል፤ ለማታለል ያሰበ ደግሞ ሌላውንም በራሱ ልክ ስለሚመዝን ብዙ ጊዜ በውጭ ይቀራል። ስለዚህ በፈቃድ የተገባበት ስብስብ ከተገደደው የተሻሉ ተባባሪዎች ይሰበሰቡበታል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 በሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ነገሩ በዚህ እንደማይቆም አመልክቷል፤ ስብስቡ ሲሰምርና ሲበዛ አታላዮች ይሳባሉ፤ አታላዮች ሲበዙ ቅኖቹ ይወጣሉ፤ ትንንሽ ስብስቦች ሲቀሩም መተባበር እንደገና ያቆጠቁጣል። እጅግ የሰፋ እድር ተከፍሎ ትንንሽ እድሮች ሲወለዱ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙም አይቸገርም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤልን ሽልማት ካገኙ ሴቶች የመጀመሪያዋ ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ግጦሽን፥ የጋራ ደንንና የመስኖ ውኃን ለዘመናት ጠብቀው የኖሩ ማኅበረሰቦችን መርምራ ነበር። ካገኘቻቸው የጋራ ጠባዮች መካከል የመጀመሪያው አባሉና አባል ያልሆነው የሚለይበት ድንበር ግልጽ መሆኑ ነው፤ ከዚያም ሕጉን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ማውጣታቸው፥ ቅጣቱም ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ ማለቱ ይከተላል። እድራችን ይህን ሁሉ መጽሐፉ ሳይጻፍ ያውቀው ነበር።

ፈቃድ በተነሣ ጊዜ

ፈቃዱ ሲነሣ ምን እንደሚሆን አገራችን በውድ ዋጋ ተምራለች። በደርግ ዘመን ገበሬው መልባ፥ ወልባ፥ ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ። በቃል ደረጃ አባልነቱ በፈቃድ ነበር፤ በተግባር ግን ለም መሬቱ፥ ማዳበሪያውና ብድሩ ወደ ማኅበሩ ስለሚያደላ፥ ካድሬውም ስለሚገፋ፥ ገበሬው በግድ ገባ። በሬው የሁሉም ስለሆነ የማንም ሳይሆን ቀረ። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው የመውጣት ነጻነት ባገኘ ጊዜ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ሲከማች የኖረው ቅሬታ የታየው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ «ኅብረት ሥራ» የሚለው ስም ራሱ በገበሬው ጆሮ መራራ ሆኖ ቆየ። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ኅብረት ሥራን እንደገና በፈቃደኝነት ላይ መሠረተው፤ ይህም በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1844 ካቋቋሙት ማኅበር ጀምሮ የኅብረት ሥራ የመጀመሪያ መርሕ ሆኖ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም የዚሁ አዲስ ሥርዓት ልጅ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሰው ከሰው ጋር ማኅበር የመመሥረት መብቱ ከተፈጥሮ የተገኘ እንጂ መንግሥት የሚቸረው አለመሆኑን ያስተማሩት እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድመው በመመልከት ነው።

ቤተ ክርስቲያን እድር ናትን?

እዚህ ላይ አንዳንድ ካቴኪስት «እንግዲያው የእድሩን ሕግ እንዳለ ወደ ጸሎት ቤታችን እናምጣው» ሊል ይችላል። አልፎ አልፎም መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ልጁ አይጠመቅለት፥ ወይም በሞተ ጊዜ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግለት የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ሲቀርብ እንሰማለን። ይህ በፍጹም የማይቻል ነው፤ ምክንያቱንም ለሕዝባችን በግልጽ ማስረዳት ይገባናል።

የእድር ድንኳን የአባላቱ ንብረት ነው፤ ጸጋ ግን የማንም መዋጮ አልገዛውም። ሕገ ቀኖና በቁጥር 848 ካህኑ ለምሥጢራት ሥልጣን ያለው አካል ከወሰነው መባ በቀር ምንም እንዳይጠይቅ፥ ችግረኞችም በድህነታቸው ምክንያት የምሥጢራትን እርዳታ እንዳያጡ ያዝዛል። ቁጥር 1181ም በቀብር ጊዜ ለሰው ፊት እንዳይደላ፥ ድኻም ተገቢው ሥርዓተ ቀብር እንዳይቀርበት ያስጠነቅቃል። በሌላ በኩል ቁጥር 222 ምእመናን ለአምልኮ፥ ለሐዋርያዊ ሥራና ለፍቅር ሥራ እንዲሁም ለአገልጋዮች መተዳደሪያ የሚያስፈልገውን በመስጠት ቤተ ክርስቲያንን የመርዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ግዴታው እውነተኛ ነው፤ ይሁንና በበሩ ላይ ዘበኛ አቁመን የምናስፈጽመው ግዴታ አይደለም። ጌታችን ስለ ቤተ መቅደሱ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ልጆች ነጻ መሆናቸውን ለጴጥሮስ ካስረዳ በኋላ እንዳያሰናክላቸው ብሎ አስከፈለ (ማቴ. 17፥24-27)።

እንግዲህ ኦስትሮም ካመለከተችው ዋና መሣሪያ አንዱን፥ ማለትም ያላዋጣውን ከጥቅሙ ማግለልን፥ ልንጠቀምበት አንችልም። የቀረልን ምንድር ነው?

አንደኛው ሒሳብን መግለጥ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም አድርገን መናገር እንፈልጋለን። ምእመኑ የሚያፈገፍገው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ጠልቶ ሳይሆን ሌላው መክፈሉን፥ የተከፈለውም ለታለመለት መዋሉን ስለማያውቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ገንዘብ በሰበሰበ ጊዜ በግድ እንዳይሰጡ ተጠንቅቋል (2ቆሮ. 9፥7)፤ በዚያው መልእክት ግን ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብረው እንዲሄዱ አድርጓል (8፥16-21)። ሕገ ቀኖናም በየቁምስናው የኢኮኖሚ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖር (ቁ. 537)፥ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ እንዳይውል (ቁ. 1267)፥ አስተዳዳሪዎችም ምእመናን ስላቀረቡት መባ ለምእመናን ሒሳብ እንዲሰጡ (ቁ. 1287) ይደነግጋል። ለጣራ ተብሎ የተሰበሰበ ብር ለእንግዳ ምሳ ከዋለ፥ ምሳው ምንም ያህል አስፈላጊ ቢሆን፥ የሚቀጥለው የጣራ መዋጮ እንደሚቀንስ አንጠራጠር። የእድር ገንዘብ ያዥ በየጊዜው በአባላቱ ፊት ቆሞ ያነባል፤ የጸሎት ቤት ገንዘብ ያዥ ከዚያ ያነሰ ሊያደርግ የሚችልበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛው መተዋወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ንኡሳን ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችን የሐዋርያዊ ሥራው ቅድሚያ ያደረገው ለገንዘብ ብሎ አይደለም። ሆኖም አሥር ወይም አሥራ አምስት ቤተሰብ በሚገናኙበት ጸሎት ላይ የጎረቤት ችግር ይታወቃል፤ ማን መክፈል እንዳልቻለና ማን መክፈል እንዳልፈለገ የሚለየውም በዚያ ነው። በመዝገብ ላይ ሁለቱም «ያልከፈለ» ተብለው አንድ ላይ ይጻፋሉ።

ሦስተኛው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በፈቃድ የሚገባበት ማኅበር ማቋቋም ነው። ምእመናን ለፍቅር ሥራ ማኅበር የመመሥረት ነጻነት አላቸው (ቁ. 215)። የጣራውን እድሳት ወይም የካቴኪስቱን ድጋፍ የሚሸከም ማኅበር የራሱ ደንብ፥ የራሱ መዋጮ፥ የራሱም መቀጫ ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ የእድሩ ጥበብ ሁሉ ይሠራል። መቀጫው ግን ከማኅበሩ ደጅ አልፎ ወደ መሠዊያው መድረስ የለበትም። የሐናንያና የሰጲራ ታሪክም (የሐዋ. 5፥1-11) እዚህ ላይ በትክክል መነበብ ይኖርበታል። ጴጥሮስ መሬቱ ሳይሸጥም ከተሸጠም በኋላ በራሳቸው ሥልጣን እንደ ነበረ ነግሯቸዋል፤ የተፈረደባቸው ከፍለው ስላስቀሩ ሳይሆን ሁሉን እንደ ሰጡ አስመስለው ስለ ዋሹ ነው። ይህን ታሪክ ያልከፈለውን ለማስፈራራት የሚጠቅስ ሰባኪ የታሪኩን ፍሬ ነገር ስቶታል።

በውጭ የቀሩት

በፈቃድ የሚገባበት ማኅበር አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ የሚመርጠውም የሚመረጠውም አቅም ያለው ሰው ነው። ዘንድሮ በዚህ ሰፈር፥ ከርሞ በሌላ ሰፈር ቤት የሚከራይ የቀን ሠራተኛ የመግቢያውን ክፍያ ቢያገኝ እንኳ የሚመዘግበው አያገኝ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመሥራት ከገጠር መጥተው በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው የሚኖሩ ወጣት ሴቶችም የወላጆቻቸው እድር በሩቅ ነው፤ በከተማው ያለው እድር ደግሞ ለባለ ቤተሰብ የተሠራ ነው። ከእነዚህ አንዷ ብትታመም ወይም ብትሞት ሬሳውን ወደ ገጠር የሚያደርሰው ወጪ ከክፍል ጓደኞቿ ኪስ ይወጣል።

መንግሥት የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንን እ.ኤ.አ. በ2011 በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀምር ከዚሁ ችግር ጋር ተፋጥጧል። አባልነቱ በፈቃድ ስለ ነበር የታመሙት ብቻ እንዳይገቡ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ እንዲመዘገብ ተደረገ፤ መክፈል ለማይችሉት ድኾች ደግሞ መዋጮውን የመንግሥት አካላት እንዲሸፍኑ ተወሰነ። በሌላ አባባል ለበሩ ሕግ ወጣለት፤ በበሩ መግባት ለማይችለውም ሌላ ሰው ከፈለለት።

በየጸሎት ቤቱ ከምእመናን ጋር በሚደረገው ውይይት ካቴኪስቶች በተለይ በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ እንዲቆዩ እንጠይቃለን። በጸሎት ቤታችን ክልል በየትኛውም እድር ያልተመዘገበ ማን አለ? ስሙንና ቤቱን እናውቀዋለን? በፈቃድ የምናቋቁመው ማኅበር ከመዋጮው ላይ ምን ያህሉን አባል ላልሆነ ሰው ቀብርና ሕክምና ይለያል? ይህስ በደንቡ ውስጥ የሚጻፈው ከመጀመሪያው ስብሰባ ነው ወይስ አንድ ሰው ከሞተ በኋላ? የውይይቱን ውጤት በጽሑፍ አድርጋችሁ ለየቁምስናችሁ የኢኮኖሚ ጉዳይ ምክር ቤት ብታቀርቡ ለሚቀጥለው ዓመት የሒሳብ ስብሰባ መነሻ ይሆናል።